ሚጡ መጋረጃው ጀርባ ምን ታደርግ ነበር?

ባለፈው ቅዳሜ በልጃችን ኬጂ፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። በስልክ የተቀዳውን እየሰማሁ ነው የጻፍኩት። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬያለሁ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ያን ቀን የረሳሁትን ጨምሬበታለሁ።

እንደምን አደራችሁ። ማይክ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው፣ የማወራው ደግሞ ስለ ካካ ነው። ሳቁ፣ ችግር የለም። ዳይሬክተሯ "ያንን የልጅህን ነገር ለወላጆች ብትነግራቸው" ስትለኝ እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ ግን አሰብኩት። ያን ጊዜ አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ፣ ልጄም እኛም ያን ሁሉ ወር ባላለቀስን።

ሥራዬ ቧንቧ ነው። 14 ዓመት ሙሉ የተዘጋ ሽንት ቤት ስከፍት ኖሬያለሁ። ኮንዶሚኒየም በሉ፣ ሆቴል በሉ፣ አሥር አባወራ የሚጠቀምበት የግቢ ሽንት ቤት በሉ፣ ያልገባሁበት የለም። የገዛ ልጄ ሆድ ሲዘጋ ግን ስምንት ወር ሙሉ ነገሩ አልገባኝም። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ ልጄን ያከመችው የሕፃናት ሐኪም ያስረዳችኝን ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትም አለበት፣ ከሁሉ በላይ ግን የተሳሳትኩትን ነው። የመድኃኒት መጠን እንዳትጠይቁኝ። እሱ በልጁ ኪሎ የሚሰላ ነው፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

እሺ፣ ወደ መጋረጃው።

ሚጡ ያን ጊዜ 2 ዓመት ከ5 ወሯ ነው። ሳሎን ውስጥ እየተጫወተች ድንገት ዝም ትላለች። የያዘችውን ትጥላለች። ሄዳ ሶፋው ጀርባ ያለው መጋረጃ ውስጥ ትገባለች። ከታች እግሯ ብቻ ይታያል፤ በጣቶቿ ጫፍ ቆማ፣ ጭኗን አጣብቃ። መጋረጃውን ገለጥ ስታደርጉት ፊቷ በርበሬ መስሏል፣ ላብ በላብ ሆናለች፣ ትንቀጠቀጣለች። እኔና እናቷ ፊቷ ተንበርክከን "ግፊ! ጎሽ የኔ ጀግና! ግፊ!" እንላለን። አንዳንዴ ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤትም ይጨመርበታል። ስታዲየም በሉት።

እየገፋች አልነበረም። እየያዘች ነበር።

ዶክተሯ ይህን ስትነግረኝ መልስ አጣሁ። "አንተ ራስህ ስታምጥ እንዴት ነው የምትሆነው?" አለችኝ። ሰው ሲያምጥ ይጎነበሳል፣ ጉልበቱን ያጥፋል፣ ቁጢጥ ይላል። ቀጥ ብሎ የቆመ ልጅ፣ እግሩን ያቆላለፈ፣ መቀመጫውን የጨመቀ፣ የጠረጴዛ ጠርዝ ይዞ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ግን በሩን ከውስጥ እየዘጋ ነው። ካካው መጥቷል፣ እሱ ደግሞ ባለው ኃይል ሁሉ እንዳይወጣ እየታገለ ነው። እኛ ከውጭ ሆነን እናጨበጭባለን። እዚህ ካላችሁት ስንቶቻችሁ ይህን እንዳያችሁ ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ፣ እጅ እንድታወጡ ግን አልጠይቅም።

ለምን ትይዘዋለች? አሟት ስለነበረ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

የጀመረው ሚያዝያ ላይ ነው። ጉንፋን ይዟት ሦስት አራት ቀን ምግብ እምቢ ብላ በወተት ብቻ ነበረች። በዚያው ሰሞን ደግሞ እኛ ፖፖ ማስለመድ ጀምረናል፤ መስከረም ላይ ነርሰሪ እናስገባታለን ብለን፣ ነርሰሪው ደግሞ ዳይፐር ያላወለቀ ልጅ አልቀበልም ስላለ። እና አንድ ቀን ፖፖው ላይ እንደተቀመጠች ጠንካራ ነገር መጣ። ጮኸች። ያን ጩኸት አልረሳውም። ሲወጣ ትንሽ ሰንጥቋት ኖሮ ክር የመሰለ ደም ነበረበት። የሁለት ዓመት ልጅ ሒሳብ አጭር ነው፦ ፖፖ ላይ ተቀመጥኩ፣ አመመኝ። ሁለተኛ አልቀመጥም፣ ሁለተኛም አላስወጣውም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ በራሱ ይዞራል። የትልቁ አንጀት ዋና ሥራ ውኃ መምጠጥ ነው። ካካው እዚያ በቆየ ቁጥር ውኃው እየተመጠጠ ይደርቃል፣ ሌላው ከላይ እየመጣ ሲጨመርበት ደግሞ ይተልቃል። ዛሬ የያዘችው ለስላሳ ከሆነ፣ ከአራት ቀን በኋላ የሚወጣው ድንጋይ ነው። እሱ ሲወጣ የበለጠ ያማታል። የበለጠ ስላመማት የበለጠ ትይዛለች። እናንተ ደግሞ ልጄ ግትር ናት ትላላችሁ። እኔ ብያለሁ፣ "የአባቷ ልጅ" እያልኩ።

ዶክተሯ እንዳለችው የሆድ ድርቀት ካለባቸው ልጆች ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት አንጀታቸው ውስጥ ምንም በሽታ የለባቸውም። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በሦስት ወቅት ነው፦ ሕፃኑ ምግብ ሲጀምር፣ ፖፖ ሲለምድና ትምህርት ቤት ሲገባ። እኛ ሁለተኛውን ከጉንፋን ጋር ደርበን ሰጠናት።

ከዚያማ ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ወስፋት ነው አለች፣ የትላትል መድኃኒት ሰጠናት፣ ምንም የለም። ሌላዋ የሰው ዓይን ነው አለች። ጉሎ ዘይት ያሉኝ አሉ፣ አልሰጠሁም። አንድ ሽማግሌማ ኮሶ! ኮሶ እኮ ትልቁን ሰው አልጋ ላይ የሚጥል ነገር ነው፣ ለሁለት ዓመት ልጅ! ተልባ ለእኔ ይሠራል፣ ለእሷ ግን ሁለት ጉንጭ ጠጥታ ተፋችው። ፓፓያ በየቀኑ ገዛሁ። ፓፓያ ጥሩ ነው፣ አልጣላውም። ግን አንዴ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ የተቀመጠውን ነገር ፓፓያ አያሟሟውም። ውኃም እንዲሁ ነው። በቂ ውኃ መጠጣት አለባት፣ ከሚበቃት በላይ ስታጠጧት ግን ሽንቷ ነው የሚበዛው።

ከዚያ ሳሙናው መጣ።

እናቴ ከክፍለ ሀገር መጣች። ልጅቷ ካካ ካላለች ስድስተኛ ቀኗ ነው፣ ሆዷ ተነፍቷል። እናቴ ሳሙናውን እንደ እርሳስ አሹላ ቀረጸችው። እግሯን የያዝኩት እኔ ነኝ። ወጣ፣ አዎ ወጣ። ሁላችንም "ተመስገን" አልን። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሚጡ መታጠቢያ ቤት አልገባም አለች፣ ዳይፐር ልቀይርላት ስቀርብም ወደ ግድግዳው ትሸሻለች። ከእኔ ነው የምትሸሸው። እናቴን አልወቅሳትም፣ እኔንም እንዲሁ ነው ያሳደገችኝ። ግን ዶክተሯ ቁርጥ አድርጋ ነው የነገረችን፦ ሳሙና ውስጡን ያቃጥላል፣ ሐኪም ሳያዝ በታች በኩል ምንም ነገር አይገባም። ከማቃጠሉም በላይ፣ ያ ቦታ እንደሚያም የምታምን ልጅ ላይ እምነቷን ማጽናት ነው። ቧንቧ ቢሆን ሽቦ አስገብተህ ትከፍተዋለህ፣ ያልቃል። ቧንቧ አይፈራም።

አሁን ደግሞ በሙያዬ ያፈርኩበትን ልንገራችሁ።

ኅዳር አካባቢ የውስጥ ሱሪዋ መቆሸሽ ጀመረ። ቀጠን ያለ ነገር ነው፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ ሽታው ለብቻው። ተቅማጥ ያዛት ብለን ፋርማሲ ሄድን፣ ተቅማጥ ካልናቸው ምን ይስጡን፣ ሕይወት አድንና ዚንክ ሰጡን። በዚያ ላይ ፓፓያውንም አቆምንባት፣ ተቅማጥ ነዋ! እኔ ቧንቧ ሠራተኛው ማንሆል ሲዘጋ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ዋናው መስመር ላይ ቆሻሻ ይጠጥራል፣ ቀጭኑ ውኃ ግን በጎን በጎን እየሾለከ ይወጣል። ደንበኛ ደውሎ "ውኃው በዝቶ እየፈሰሰ ነው" ሲለኝ "አልበዛም፣ ተዘግቶ ነው" የምለው እኔ ነኝ። ቤቴ ውስጥ ያው ነገር ሲሆን ግን አላየሁትም።

ታኅሣሥ ላይ ነው ሐኪም ጋ የደረስነው። ዶክተሯ ሆዷን ከታች በግራ በኩል ዳሰሰች። ከዚያ የእኔን እጅ ይዛ እዚያው ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ሎሚ የሚያክል ጠጠር ነገር። "ይሄ ተቅማጥ ነው?" አለችኝ።

ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። ፊንጢጣ አካባቢ ያለው አንጀት ለረጅም ጊዜ ሲወጠር ላስቲኩ እንደለቀቀ ካልሲ ይሆናል። ይለጠጣል፣ ስሜቱም ይደነዝዛል። ልጅቷ ካካ እንደመጣ አይሰማትም። የሾለከውም ሲወጣ አታውቀውም። ይህን ስትነግረኝ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሱሪዋን ስላቆሸሸች መቀመጫዋን ቸብ እንዳደረግኳት አስታወስኩ። እሷ እኮ ለምን እንደተመታች እንኳ አልገባትም ነበር። ይቺን ሳልናገር ልዘላት ነበር፣ ግን እዚህም ልጁን በዚሁ ምክንያት የሚመታ አባት ሊኖር ይችላል።

ሕክምናው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ የተጠራቀመውን ማውጣት፣ ከዚያ እንደገና እንዳይጠራቀም ለወራት ማለስለስ። እኛ የታዘዘልን ላክቱሎስ የሚባለው ሽሮፕ ነው። ሥራው ውኃን ወደ አንጀት ስቦ ካካውን ማለስለስ ነው፣ አንጀቱን ገርፎ አያስሮጥም። መጀመሪያ አካባቢ ሆዷን ነፋት፣ ፈሷም በዛ፣ ለእሱ ትስቃለች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት አስቀያሚ ናቸው፣ አልዋሻችሁም። መጠኑ ከፍ ስለሚል የሚሾልከው ይብሳል፣ ወላጅ ደንግጦ መድኃኒቱን የሚያቆመውም እዚያ ላይ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ ልጇ ተመሳሳይ ችግር ነበረበት፣ እነሱ ጋ የሚሰጠው በውኃ ወይም በጁስ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው፣ ሚራላክስ ይሉታል። እዚያ በ2006 እ.ኤ.አ. ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቅዷል፣ ለልጅ ግን እዚያም ሐኪም ተጠይቆ ነው የሚሰጠው። እንደ መድኃኒትነቱ ይኼኛው የሐኪሞች የመጀመሪያ ምርጫ ነው፣ ላክቱሎስ ደግሞ እሱ በሌለበት ይሠራል።

እና ሠራ። በሦስተኛው ሳምንት ሚጡ በየቀኑ ለስላሳ ካካ፣ ዳይፐር ውስጥ ቢሆንም። እኔ ምን አደረግኩ? አቆምኩት። ዳነች ብዬ። አማቴም "ልጅ በመድኃኒት አይለምድም፣ አንጀቷ ይሰንፋል" ብለውኝ ነበር፣ እኔም በልቤ ሱስ ይሆንባታል ብዬ ነበር። ለጥምቀት ያቆምኩት መድኃኒት የካቲት ሳይጋመስ መጋረጃው ጀርባ መለሳት። አንድ ጠንካራ ካካ ብቻ ነው የወጣው። አንዱ በቂ ነው።

ዶክተሯ አልተቆጣችኝም፣ ሁሉም ወላጅ ያደርገዋል አለች። ያ የለቀቀ ካልሲ ወደ ቦታው የሚመለሰው በወራት ነው። መድኃኒቱ ቢያንስ 2 ወር ይሰጣል፣ ሁሉ ነገር ከተስተካከለ በኋላም አንድ ወር ሙሉ ደኅና መሆኗ ታይቶ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው እንጂ በአንድ ቀን አይቆረጥም። የእንግሊዝ ሐኪሞች የሚሠሩበት መመሪያ ደግሞ ፖፖ በመልመድ ላይ ያለ ልጅ መልመዱ እስኪጸና ድረስ መድኃኒቱን ይቀጥል ይላል። አንጀት ይሰንፋል የሚባለውን በተመለከተ ዶክተሯ ያለችኝ፦ "የሰነፈው ተወጥሮ ነው። እኛ እረፍት እየሰጠነው ነው።"

ካካው በቂ መለስለሱን በምን እናውቃለን? ግድግዳዋ ላይ የተለጠፈ ሥዕል አለ፣ ሰባት ዓይነት የካካ ቅርጽ የተሳለበት። እንግሊዝ አገር ብሪስቶል የተሠራ ነው፣ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ዓለም ሁሉ ይጠቀምበታል። እኛ ቤት የራሳችንን ስም አወጣንለት። አንደኛው የፍየል በጠጥ ነው፣ እሱን ስታዩ ድርቀቱ ተመልሷል ማለት ነው። መሐል ላይ ያለው ለስላሳና ረዘም ያለ ነው፣ እሱ ነው የሚፈለገው። ፍርሃቱ እስኪለቃት ድረስ ግን ዶክተሯ ከዚያም ላላ ያለ ይሁን ብላናለች፣ ገንፎ እስኪመስል። ቁርሳችሁን ገንፎ የበላችሁ ይቅርታ።

አሁን ወደ ፍርሃቱ። ሆዷ ለስልሷል፣ አታማጥም፣ ፖፖ ግን ሞቼ እገኛለሁ። ይህ እኛ ላይ ብቻ የደረሰ መስሎኝ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት 482 ልጆችን ተከታትሎ 22 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ ለአንድ ወር ያህል ሽንታቸውን እየሸኑ ካካ ግን ሽንት ቤት ላይ እምቢ እንዳሉ አግኝቷል። ከ5 ልጅ አንዱ ማለት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የበለጠ የገረመኝን ነገር ይላል፦ እምቢ ከሚሉት ልጆች አብዛኞቹ ላይ ድርቀቱ ነው ቀድሞ የመጣው፣ እምቢታው ተከትሎት ነው። እኛ ወላጆች ተገላቢጦሹን ነው የምናስበው፣ እምቢ ስላለች ደረቀባት እንላለን።

ስለዚህ ዶክተሯ ያዘዘችን "ዳይፐሩን መልሱላት" ነው። አማቴ ይህን ሲሰሙ "ሦስት ዓመት የሞላትን ልጅ? ወደ ኋላ?" አሉ። "እማማ፣ እርስዎ እንዳሉት ወደ ኋላ ነው፣ ግን ሐኪም ነው ያዘዘው" አልኳቸው። ደስ አላላቸውም። ሽንቷን ፖፖ ላይ ትሸናለች፣ ካካ ስትፈልግ ዳይፐር ትጠይቃለች፣ እንሰጣታለን። ያለ ቁጣ፣ ያለ ንግግር። መጋረጃው ጀርባ ትሂድ፣ ብቻ ትልቀቀው። ሁለት ሳምንት ይህን ብቻ።

ከዚያ አንድ ነገር ለወጥን፦ ዳይፐር ይሰጥሻል፣ ግን መታጠቢያ ቤት ውስጥ። ቆማ፣ በር ተከፍቶ፣ እኔ ደፍ ላይ ቁጭ ብዬ። ሦስት ቀን እምቢ አለች፣ በአራተኛው ገባች። ቀጥሎ ዳይፐሯን እንደለበሰች ፖፖው ላይ ቁጭ። እሱ ብዙ ፈጀ። አንድ ጊዜ ቸኩለን ዳይፐሩን ልናስወልቃት ሞክረን አምስት ቀን ያዘችው፣ ወደ ኋላ ተመለስን። ከዚያ ዶክተሯ የነገረችኝን፣ እኔ ቀልድ የመሰለኝን ነገር አደረግን፤ ዳይፐሩን ከታች በመቀስ ቀደድኩት። ጎኑ ታስሮላታል፣ ዳይፐር ለብሻለሁ ብላ ታምናለች፣ ካካው ግን ፖፖው ውስጥ ይወድቃል። መጀመሪያ ትንሽ ቀዳዳ፣ በየሳምንቱ ሰፋ። መጨረሻ ላይ የቀረው ወገቧ ላይ ያለው ክር ብቻ ነበር። በእሷ ዓይን ግን ዳይፐር ነው። አሁንም ሳስበው ያስቀኛል።

ሽንት ቤቱ ራሱ እንዴት እንደሚታያት አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኛ የምንሠራው ለትልቅ ሰው ነው። የሦስት ዓመት ልጅ መቀመጫው ላይ ስትወጣ እግሯ አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ መሐሉ ሰፊ ነው፣ እወድቃለሁ ብላ ሁለት እጇን ተክላ ትጨብጣለች። እንዲህ ሆና እንዴት ሰውነቷን ትለቃለች? በእጅህ ግድግዳ ይዘህ ተንጠልጥለህ ሞክረው። መፍትሔው ቤታችሁ ውስጥ አለ፣ የቡና በርጩማ። እግሯ ሥር አድርጉላት፣ ጉልበቷ ከወገቧ ከፍ እስኪል፣ በላዩ ላይ ደግሞ የሕፃን መቀመጫ። ቁጢጥ ስንል ፊንጢጣውን እንደ ቋጠሮ አጥፎ የያዘው ጡንቻ ይላላል፣ መንገዱ ቀና ይላል። ስለዚህ ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ለሆድ ጥሩ ነው። ችግሩ ግቢ ውስጥ ያለው ጉድጓድ ነው። ጨለማ፣ ጥልቅ፣ ጣውላው የሚንቀሳቀስ። እሱን የምትፈራ ልጅ ልክ ናት፣ እኔም እፈራዋለሁ። እዚያ ቤት ልጁ ፖፖ ላይ ይጠቀም፣ እናንተ ትደፉታላችሁ። የእህቴ ልጅ ደግሞ የፈራው ገና ሳይነሳ በራሱ ውኃ የሚለቀውን ነው፣ ገበያ አዳራሽና ኤርፖርት ያለውን። እህቴ አሁን ቦርሳዋ ውስጥ የምትለጠፍ ወረቀት ትይዛለች፣ ዳሳሹ ላይ ትለጥፍበትና ይቀመጣል።

እኛ ጋ ውኃ በፈረቃ ስለሆነ የምንደፋው በጆግ ነው። ይኼ ጠቀመን! ሚጡ ጆጉን ራሷ ይዛ፣ በፈለገችው ሰዓት ትደፋዋለች። አንዳንድ ልጅ ከሰውነቱ የወጣው ነገር በድምፅ ተውጦ ሲሄድ ይደነግጣል። እሷ ግን "ቻው ካካ" ትለዋለች።

ሰዓቱም አለው። ምግብ ሆድ ሲገባ አንጀት ይነቃል፣ ስለዚህ ከቁርስና ከእራት በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አስቀምጧት። 5 ደቂቃ፣ ወጣ አልወጣ ተነሺ። የምትሸለመው ስለተቀመጠች ነው፤ ስለወጣ ብቻ ከሸለማችኋት ባልወጣ ቀን የወደቀች ይመስላታል። እኛ መምህራን ግንባር ላይ የሚለጥፉትን ዓይነት ኮከብ ገዛን፣ በር ላይ እንለጥፋለን። ፊኛ ደግሞ ስጧት፣ ትንፋ። ስትነፋ ሆዷ ይገፋል፣ "ግፊ" ማለት አያስፈልግም። ያቺን ቃል ቤታችን ውስጥ ከለከልናት።

"እፍ! ይሸታል!" የምትለውንም ከልክሉ። ዳይፐር ስንቀይር ፊታችንን የምናኮማትረውን ልጅ ያያል። ከእሷ የወጣውን ነገር ሰው ሁሉ እፍ የሚለው ከሆነ መጋረጃ ጀርባ ብትደብቀው ምን ይገርማል?

ምግቡን በአጭሩ። ወተት። ሚጡ በጡጦ በቀን ወደ አንድ ሊትር ትጠጣ ነበር፣ ጠግባ እንጀራ አትበላም። ከግማሽ ሊትር በታች አወረድነው። የጤፍ እንጀራ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ቂንጬ፣ ፍራፍሬ ይሻላል፣ ብስኩትና ፓስታ ብቻ ከሆነ ግን ይደርቃል። ይኼን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አላራዝመውም።

መምህራን እዚህ ስላላችሁ አንድ ነገር ልለምን። ልጅ እጁን አውጥቶ ሽንት ቤት ሲል "እረፍት ሲደርስ" አትበሉት። እረፍት ሲደርስ ስሜቱ ሄዷል፣ ሌላ ቀን ደረቀ። የልጆቹ ሽንት ቤት በር መቀርቀሪያ ደግሞ ተሰብሯል፣ ገብቼ አይቼዋለሁ፣ ሙያዬ ነው። ሰኞ መጥቼ በነፃ እሠራዋለሁ።

ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ የሚያስኬዱ ነገሮች አሉ። ሕፃኑ በተወለደ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ጥቁር ካካ ካላወጣ፣ ድርቀቱ ከተወለደ በመጀመሪያው ወር ከጀመረ፣ አረንጓዴ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ሆዱ ተነፍቶ ትኩሳት ካለው፣ ኪሎ እየቀነሰ ከሆነ፣ እግሩ ከደከመ፣ ወይም ደሙ ከክር በላይ ከሆነ። እነዚህ የእኔ ታሪክ ዓይነት አይደሉም፣ ፓፓያ ስትሞክሩ ቀን አታቃጥሉ።

ከኋላ ያለችው እናት "ስንት ጊዜ ወሰደ?" አለችኝ። ከሐኪሟ ጋር ከተገናኘን ሰባት ወር። ያን መስከረም ነርሰሪ አልገባችም። ክፍያውንም አልመለሱልንም፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ሐምሌ ነው፣ ዝናብ ይጥላል። እኔ ወጥ ቤት የሚያንጠባጥብ ሲፎን እየፈታሁ ነው። ሚጡ መጥታ "አባዬ፣ በርጩማውን" አለችኝ። አመጣሁላት። ዳይፐር አልጠየቀችም፣ ክሯንም አልጠየቀችም፣ እኔም አላስታወስኳትም። ተቀመጠች። ደፉ ላይ ልቀመጥ ስል "ውጣ" አለችኝ። "በሩን ልዝጋው?" ስላት ትንሽ አሰበችና "ገርበብ አድርገው" አለች። ኮሪደሩ ላይ ቁልፍ መፍቻ ይዤ ቆምኩ፣ ትንፋሼን ይዤ። አንዲት ነገር ጠብ ስትል ሰማሁ። ከዚያ "ጆግ!" ብላ ተጣራች።

እናቷ ሥራ ቦታ ነበረች፣ ደወልኩላት፣ ሁለታችንም ስልኩ ላይ ዝም አልን። ማታ ላይ ላክቱሎሷን እንደወትሮው ለክቼ ሰጠኋት።